ደጃዝማች ቢሆነኝ ሀገር የመሠረተ ዕለት

የቢሆነኝን ዘር እኔ አይናዲስ አውቀዋለሁ። እዚህ ሽንፋ ቆላ ላይ የማያውቀውስ ማን አለ? አያቱ በንጉሡ ጊዜ ፊታውራሪ ነኝ ብሎ ከአያቴ አውድማ አስራት ሲያፍስ ኖረ። አብዮቱ ሲፈነዳ አባቱ የገዛ አባቱን ካባ ገበያ መሀል አቃጥሎ «ፊውዳል ይውደም!» አለና የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፤ «ለእናት ሀገር ጥሪ» እያለም የአባቴን እህል ጫነ። ክልል ሲመጣ ደግሞ ለቢሆነኝ ብሔር ተገኘለትና ከስብሰባ ስብሰባ ዞረ። ንጉሥ ይውረድ፣ ካርታ ይቀደድ፣ የዚያ ቤት ጎተራ ጎድሎ አያውቅም። ማጭድ የጨበጠ እጅ ግን አልወጣበትም። ቱ!

ዘንድሮ፣ ማዶ ሱዳን ሲነድ እዚህም ተኩስ ሲበዛ፣ ጊዜዬ ደረሰ አለ መሰል፣ ደጃዝማች ነኝ ብሎ ብቅ አለ። አዲስ ሀገር እመሠርታለሁ፣ ዘውዱንም እመልሳለሁ ይላል። ማን ሾመህ ብሎ የጠየቀው የለም። ሁለት የአክስቱ ልጆች ክላሽ ይዘው ከኋላው ቆመው ማን ይጠይቀዋል?

እኔን የቸገረኝ ሰሊጤ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለኝ ያ ማሳ ብቻ ነው። አምና በተኩሱ የተነሳ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከደጋ ሳይወርዱ ቀርተው ሰሊጤ እንደቆመ ረገፈ። ዘንድሮ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ መጡ፤ አጨዱ፤ እስር እስሩን አቁመው ከመሩት። አሁን ደርቆ አፉን ከፍቷል። በዚህ ጊዜ ሸራ አንጥፈህ ካላራገፍኸው፣ ገና ስትነካው አፈር ላይ ይፈሳል።

ልናራግፍ በተነሳንበት ጠዋት ደጃዝማች ተብዬው ካባ ደርቦ፣ ሁለቱን ባለክላሾች አስከትሎ ከተፍ አለ። በዚያ ሐሩር ካባ!

«አይናዲስ፣ የሀገራችን ምሥረታ በዓል እዚሁ ማሳሽ ላይ ይሆናል። ሠራተኞችሽ ሰሊጡን ከፍ አድርገው እያወዛወዙ በፊቴ ይለፉ። የመንግሥታችን ምልክት ነው» አለኝ።

የሠራተኞቹ አለቃ፣ የጎጃሙ ምንይችል፣ ዐይን ዐይኔን አየኝ። እምቢ ብል ክላሹ አለ፤ እሺ ብል የዓመት ልፋቴ አፈር ሊሆን ነው። እዚህ ቆላ ተወልዶ፣ የደረቀ ሰሊጥ እንደ ሰንደቅ ይውለብለብ የሚል ሰው ከየት ይመጣል? ከዚያ ቤት ነዋ!

«ውይ ደጃዝማች!» አልሁት ጎንበስ ብዬ። «ዘውድ የሚመልስ ሰው እንዴት ባዶ አፈር ይረግጣል? ያለኝን ሸራ ሁሉ ላንጥፍልዎ እንጂ!»

ደስ አለው። ሸራውን ከዳር እዳር አነጠፍንና ሠልፉ ተጀመረ። ሠራተኞቹ ያወዛውዛሉ፣ ሰሊጡ ሸራው ላይ ይዘንባል፣ እሱ «ሀገር ትኑር!» ይላል።

«ገልብጠው ቢይዙትስ? ለሰላምታ ያምራል» አልሁት።

«ይገልበጥ!» አለ።

የአክስቱ ልጆች ሳይቀሩ ክላሻቸውን አንግተው እስር እስር እያነሱ አብረው ጨፈሩ። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ የነጠላዬን ጫፍ ነከስሁ። ደስታው አናቱ ላይ ወጣና፣ መንግሥት ያለ ሹም አይሆንም ብሎ ያገኘውን ሁሉ ሾመ። ይኸን ግራዝማች፣ ያን ቀኛዝማች፣ ምንይችልን ፊታውራሪ፣ አንዱን የአክስቱን ልጅ የግምጃ ቤት ሹም፣ በጅሮንድ።

በዓሉ ሲያልቅ ዐይኑ ሸራው ላይ ወደቀ። ክምሩን አየ። ሳቄ ደረቀ።

«ይኸ የዘውዱ አስራት ነው። ጆንያ ሙሉና ወደ ቤቴ አድርሱ» አለ።

ሁሉንም! አያቱ እንኳ ከአሥር አንዱን ነበር የሚወስደው። እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ነው። ሠራተኞቹ ጆንያውን ሞልተው ቆሙ።

«ምን ትጠብቃለህ? ተሸከም!» አለው ምንይችልን።

«ፊታውራሪ ጆንያ ይሸከማል እንዴ ጌቶች?» አለ ምንይችል፣ ፊቱ ፍንክች ሳይል።

ወደ ቀጣዩ ዞረ፤ እሱ ግራዝማች ነው። ወደ ሌላው ዞረ፤ ቀኛዝማች። የአክስቱን ልጆች ቢጠራ ጭራሽ ተቆጡ፤ አንደኛው «በጅሮንድ ብለኸኝ ስታበቃ ኩሊ ልታደርገኝ ነው?» ብሎ ክላሹን አንጠልጥሎ ሄደ፤ ወንድሙም ተከተለው። በዚያ አዲስ ሀገር አንድ ተራ ሰው አልተረፈም።

ክላሾቹ ከዐይን ሲርቁ ምንይችል «ሹመቱን ትቻለሁ፣ እትዬ» ብሎ የመጀመሪያውን ጆንያ ወደ ጎተራዬ አስገባ። ሌሎቹም ተከተሉት። ቢሆነኝ ሲለምን፣ ሲሳደብ ቆየና ካባውን አውልቆ ጣለ። መጨረሻ የቀረችውን ጎደሎ ጆንያ ትከሻው ላይ አወጣና እየተንገዳገደ መንገድ ገባ። ሠራተኞቹ ሊነጥቁት ተነሱ።

«ተዉት፣ ይውሰዳት» አልኋቸው። «ከዘሩ ተሸክሞ ሲበላ እሱ የመጀመሪያው ነው።»