ከግርጌ የታረመው ድርሰት

ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ነበርኩ። አራሚ አያነብም፤ ያርማል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ጎበዝ አራሚ ከመጨረሻው ቃል ይጀምርና አንድ አንድ ቃል እየለቀመ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ከጀመረ ታሪኩ ይዞት ይነጉድና ስሕተቱ ያመልጠዋል። በዚህ ዘዴ የስንቱን መጽሐፍ ጉድፍ እንዳወጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። መጽሐፎቹ ምን እንደሚሉ ግን አትጠይቁኝ።

ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ስለ አንድ የጥንት አሳዛኝ ተውኔት ድርሰት ጻፉ ተብለው፣ እሑድ ጠዋት አራት ገጽ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ አንብብልኝ።»

«አርምልሻለሁ።»

«እንድታነበው ነው የፈለግኩት።»

«ያው ነው» አልኩና ቀይ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ።

ተውኔቱን እኔም በተማሪነቴ አውቀዋለሁ። ንጉሡ ጠላት መጣ ብሎ የከተማውን በር ያዘጋል። ሦስት ሰዎች ተራ በተራ «ልጅህ ውጭ ቀርታለች፣ ክፈት» ይሉታል፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ ሮጦ ሲከፍት ነገሩ አልቋል። ያኔ ሳነበው እንዲህ ያለ ደንቆሮ ሰው ይኖራል እንዴ ብዬ ተናድጄ ነበር።

ከአራተኛው ገጽ ግርጌ ተነስቼ አሥራ ዘጠኝ ግድፈት ለቀምኩ። ከሁሉ ያንገሸገሸኝ «ይመስለኛል» የምትለዋ ቃል ናት፤ ሰባት ቦታ ላይ ተጎልታለች። ሰው በሚለው ነገር ካልተማመነ ምን ሊሆን ይጽፋል? ሰባቱንም ሰረዝኩ። ድርሰቱ ጸዳ አለ።

ልጄ ቀዩን ቀለም ስታይ ቆየችና «ሌላ የምትለኝ የለም?» አለች።

«ነጠላ ሰረዝ ላይ ትሳሳቻለሽ» አልኳት።

ኀሙስ ከሰዓት የወላጆች ቀን ነበር። የኮሌጅ ምርጫ ቅጽ የሚመለሰውም በዚያው ቀን ነው። «ሕግ» ብዬ በራሴ እጅ ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ። ልጅቷ ኤሌክትሪክ ምናምን ትል ነበር፤ የልጅ ነገር ነው፣ ያልፍላታል ብዬ ትቼዋለሁ።

መምህርቷ ሁለታችንን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችን። «ድርሰቱን እርስዎ እንዳረሙት ነግራኛለች» አለችኝ። ደረቴን ነፋ አደረግኩ። «ደፋር ሰው ነዎት። ሌላ አባት ቢሆን ይቀደው ነበር።»

ነጠላ ሰረዝ ማስገባት ምኑ ድፍረት ነው? ግራ ሲገባኝ አይታ የመጨረሻውን አንቀጽ፣ እንደ ሰው ወጉ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችልኝ።

«ንጉሡ ልጁን አይጠላትም። የሚፈራው ሰው ፊት ሐሳቡን መቀየር ነው። አባቴም እንደዚያው ነው። ኤሌክትሪክ መማር እንደምፈልግ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። አሁን በአራተኛው ጻፍኩለት። ይህንንም ያርመዋል እንጂ አያነበውም። እኔ ከበሩ ውጭ ነኝ።»

«እርግጠኝነቷ ነው የገረመኝ» አለች መምህርቷ። «አንድ ቦታ እንኳ ይመስለኛል አላለችም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔስ ዓይኔም ባዳ ኖሯል። አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ አንጀቴን የበላው ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ እያየች ቁጣዬን መጠበቋ ነበር።

ቅጹን አወጣሁና «ሕግ» የሚለውን በቀይ ሰረዝኩት።

«ስርዝ ድልዝ አይቀበሉም» አለች መምህርቷ። «አዲስ ቅጽ ከመዝገብ ቤት ይውሰዱ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ።»

ለአሥራ አንድ ስድስት ጉዳይ ነበር። በዚህ ጉልበቴ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።

«ንጉሡም መጨረሻ ላይ ሮጧል» አለች ልጄ ከኋላዬ።

«ዝም ብለሽ ሩጪ።»

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል ክንዴን አስገባሁ። እያጉረመረመች አንድ ቅጽ ወረወረችልን። ልጄ እዚያው ቆማ ሞላችና ሰጠችኝ። ልማድ ነውና እስክሪብቶዬን ይዤ ወደ ወረቀቱ ግርጌ አጎነበስኩ።

«አባዬ፣ ከላይ ጀምር።»

ከላይ ጀመርኩ። መጀመሪያ የእሷ ስም አለ። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ። የእኔ ፊርማ ቦታ ከሁሉም ታች ነው፤ እስከዚያን ቀን ድረስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።