ትንሿ ጣት የምትይዘው ኮርድ

አናጺው የጊታሩን ክሮች ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ መታቸውና ፊቱ በራ።

«ይኸው፣ ጣፈጠ» አለ።

ሴት ልጁ ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ችግሩ እሱ ነው፣ አባዬ። መጣፈጥ የለበትም።»

«የጣፈጠውን ለማበላሸት ነው እንዴ ከእንቅልፌ የቀሰቀስሽኝ?»

ልጅቱ ጊታር በማስተማር የምትተዳደር ናት። አባቷ የእንጨት ሥራ ቤቱን ከመክፈቱ በፊት፣ ሳሎን ተቀምጠው ትንሽ ትንሽ ታለማምደዋለች። ዛሬ የያዙት የተለወጠ ዶሚናንት የሚባለውን ኮርድ፣ ማለትም በአንድነት የሚሰሙ የድምፆች ጥምር፣ ነው። ተራው ሚ ሰባተኛ የሚባለው ኮርድ ዜማውን በሰላም ወደ ማረፊያው ይመራል፤ ይህኛው ግን፣ እንዳስረዳችው፣ ሁለት ድምፆቹ ከቦታቸው ስለተነቀሉ ዜማው እስኪያርፍ ድረስ ጆሮን ይቆረቁራል። እነዚያን ሁለት ድምፆች የምታወጣው ትንሿ ጣት ስትሆን፣ ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች በአንድነት ትጫናለች።

«የመታኸው ተራውን ሰባተኛ ነው» አለችው። «ትንሿ ጣትህ ክሩን አልነካችም።»

«ነክታለች እንጂ። እንዲያውም አጥብቄ ይዣለሁ።»

«እስቲ ሳትነቃነቅ እያት።»

አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ሦስቱ ጣቶች በየክራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ትንሿ ግን ከክሮቹ በላይ፣ አየር ላይ ተንሳፍፋ ነበር። የሚገርመው፣ በዓይኑ እያያትም እንኳ የተጫነች ይመስለው ነበር። በገዛ እጁ ላይ የሌላ ሰው ጣት እንዳየ ሁሉ ክው ብሎ ቀረ።

ልጁ ወንበሯን አስጠጋች። ዓይኑን እንዲጨፍን ነገረችውና በክር መምቻው ሹል ጫፍ ትንሿን ጣቱን ወጋችው። አናጺው ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

«ጀምሪ እንጂ» አላት።

ዓይኑን ገለጠ። መምቻው ቆዳውን አሰርጉዶ እንደተተከለ ነበር።

አናጺው ባለፈው ሳምንት የሆነው ነገር ትዝ አለው። በኤሌክትሪክ መጋዙ ላይ ጣውላ እየገፋ ሳለ፣ እንጨቱ ላይ ደም አይቶ የማን እንደሆነ ሸሪኩን ጠይቆት ነበር። ከቅጥነቱ የተነሳ ሚስማር የሚባለው ሸሪኩ፣ ደሙ የራሱ የአናጺው መሆኑን ነግሮት፣ «ቆዳህ ከጣውላው ብሶ ደንድኗል» ብሎ ሳቀበት። እርሱም ሳቀ። ማታ ጨዋታ አድርጎ ለቤተሰቡ ሲያወራው፣ ልጁ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ ነበር። አሁን ሁለቱም እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው። ጣውላውን ወደ መጋዙ ጥርስ የሚመራው ይኸው ግራ እጁ ነው፤ ቤተሰቡም የሚተዳደረው በዚያው እጅ ሥራ ነው።

ስልኩ ጠራ። ሚስማር ነበር። እንጨቱ መራገፉን፣ መጋዙም መሳሉን፣ የሚጠበቀው እርሱ ብቻ መሆኑን በችኮላ ነገረው። አናጺው እንደ ልማዱ አንድ የሚያስቅ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ መጣለት። አፉን ከፈተ፤ ከዚያም ስልኩን ቀስ ብሎ ከጆሮው አውርዶ ለልጁ ዘረጋላት።

«ሐኪም ሳያየኝ መጋዙን አልነካም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ንገሪው። እኔ ከተናገርኩ ወደ ቀልድ እወስደዋለሁ።»