የሳምራ ሁለተኛው ዜማ

ከሊፋ አንድ ነገር ከአፉ ከወጣ አይመልሳትም። አሰላ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ከእሱ የገዛ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዋጋ ከጠራ ጠራ ነው፤ ደንበኛው እስከ በር ሄዶ ቢመለስ፣ ቢምል ቢገዘት ያቺው ናት። ስለዚህ ልጁን ሳምራን «በውድድሩ ከሦስቱ አሸናፊዎች አንዷ ከሆንሽ ሙዚቃ ትማሪያለሽ፤ ካልሆንሽ ግን አካውንቲንግ» ሲላት አልተከራከረችውም። እጁን ሳመችና ወደ ጓሮ ሮጣ ብቻዋን ዘለለች። ጭራሽ እንቢ ይላል ብላ ነበራ የጠበቀችው!

ሳምራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ክራር ካልያዘች ጨዋታ ወዳድ ናት፤ ክራር ከያዘች ደግሞ ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም። ዘንድሮ የክር መሣሪያ የሚጫወቱ ወጣቶች ውድድር እዚሁ አሰላ ሊደረግ ነው ተባለ። ክራርም ይሁን ማሲንቆ ወይም ጊታር፣ ተወዳዳሪው ሁለት ዜማ መርጦ ይቀርባል፤ ዳኞቹ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ከሊፋን ያግባባው ይኼ የዳኞቹ ነገር ነው። እሱ ጥሩ ክራርና መጥፎ ክራር አይለይም፤ እለያለሁ ብሎም አይዋሽም። «እኔ የማውቀው ካምቢዮ ነው፤ ስለ ክራር የሚያውቁት ይፍረዱ» ብሎ ነገሩን ከትከሻው አወረደ።

የትምህርት ቤቱን የክራር ክበብ የሚመራው መምህር ፍሰሐ፣ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ስለ ሕዋስ ሲያስተምር ያንቀላፋል፤ ስለ ቅኝት ሲናገር ግን ሌላ ሰው ነው። እሱና ሳምራ ተቀምጠው ሁለት ዘፈን መረጡ። አንደኛው ርቆ ስለ ሄደ ወዳጅ የሚዘፈን ትዝታ ነው። ሁለተኛው ስለ እናት ነው። «የመጀመሪያው አዳራሹን ያስለቅሳል፤ ሁለተኛው ያለቀሰውን ያባብላል» አለ ፍሰሐ በራሱ ምርጫ እየተደሰተ። ከዚያ የትኛው ግጥም ይግባ፣ የትኛው ይውጣ ተብሎ ክርክር ሆነ። ፍሰሐ ጭላሎ ተራራን የሚያነሳ ስንኝ ከራሱ ጨመረ፤ ቤት አልመታ ሲለው ሰፈሩን ሁሉ ጠየቀ። የሳምራ ወንድም ኢርሻድ ሳይቀር ከባጃጁ ላይ ሆኖ አንድ ሁለት ስንኝ ወረወረ፤ የሚጠቅም አልነበረም እንጂ።

ስንኙ ሁሉ ከተሰካካ በኋላ ከውድድሩ አዘጋጆች ስልክ ተደወለ። ፍሰሐ «እሺ፣ እሺ» እያለ ቆየና ፊቱ ጠቆረ።

«ምን አሉ ቲቸር?»

«ድምፅ የለም አሉ። ዘፈን የለም፤ መሣሪያ ብቻ።»

«እና? ይቀለኛል እኮ!» አለች ሳምራ። እውነቷን ነው። ድምፅዋ ከፍ ሲል እንደሚሰነጠቅ ታውቃለች፤ ጣቶቿ ግን አሳፍረዋት አያውቁም። ደስ እያላት ወደ ቤቷ በረረች።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ዜማ ያለ ቃል ተጫወተች። እናቷ አይሻ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ኢርሻድ ባጃጁን ያጥባል። ሳምራ የመጀመሪያውን ጨረሰች፣ ትንሽ ተነፈሰች፣ ሁለተኛውን ቀጠለች፣ እሱንም ጨረሰችና እጇን ከክሩ ላይ አነሳች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች አይሻ ቀና ብላ። «በይ አሁን ሁለተኛውን ጀምሪዋ።»

ኢርሻድ ስፖንጁን ይዞ ቀረ። ሳምራ መጀመሪያ እናቷ የቀለደች መሰላት። ቀጥሎ ከመጀመሪያው ሁለት ስንኝ፣ ከሁለተኛው ሁለት ስንኝ ደጋግማ መታች። አንድ ናቸው! የወዳጁም የእናትየዋም ዜማ አንዱ ያው ትዝታ ነው። ግጥሙ ሲለይ ዜማውም የተለየ ይመስላት ነበር እንጂ፣ ቃሉ ሲነሳ የቀረው አንድ ነገር ነው።

በማግስቱ ለፍሰሐ ስትነግረው «አይሆንም፣ የእናትሽ ጆሮ ነው» ብሎ ክራሩን ነጠቃት። ራሱ መታው። ግማሽ ላይ ቆመ፤ እንደገና መታው። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀ። «ይህን ያህል ዘመን ስጫወት!» አለ። «አንዱን ሰው ኮት እየቀየርን ሁለት ጊዜ ሰላም ስንለው ኖረናል።»

ሳቁ ሳቅ ነው፤ ውድድሩ ግን ደርሷል፤ ሳምራ ያላት አንድ ዜማ ነው። ባንድ ዜማ ደግሞ አካውንቲንግ እንጂ ሌላ አይገኝም። ያን ሰሞን ያገኘችውን ዘፈን ሁሉ ቃሉን እየገፈፈች ፈተነችው። ኢርሻድ በባጃጁ የሚያስጮኸውን የጭፈራ ዘፈን ሁሉ አመጣላት፤ ቃሉ ሲወጣ ከበሮው ብቻ ቀረ። ፍሰሐ አምባሰልና ባቲ አወረደላት፤ እነሱ ያለ ቃልም ቆመው ይሄዳሉ፣ ያምራሉም። ነገር ግን ሳምራ ስትመታቸው ፍሰሐ ፍሰሐ ይሸታሉ። «የአንተን ናፍቆት ነው የምጫወተው ቲቸር» አለችው፤ አልተቀየማትም። ይሁን እንጂ ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ አልነበረም። እንዲያውም እንደዚያ ሰሞን ተደስታ አታውቅም። ክፍል ውስጥ በጉልበቷ ላይ፣ ምሳ ላይ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ትደረድራለች። የሆነ ቦታ አንድ ዜማ እንደሚጠብቃት እርግጠኛ ነበረች፤ የት እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቀችው።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አይሻ ከጓሮ ተቀምጣ እርጎ ትንጣለች። ቤቱ አንዲት ላም አለችው፤ ከሊፋ «ከተማ ውስጥ ምን ያደርግልናል» ይላል፣ ቅቤውን ግን ይበላል። አይሻ ሁለት እግሯን ዘርግታ የመናጫውን ቅል በጭኗ ላይ ወዲህ ወዲያ ታደርገዋለች፤ አፏም እንደ ልማዷ ቃል የሌለው ነገር ያንጎራጉራል። ሳምራ አጠገቧ ሆና ሳታስበው በሁለት ክር ተከተለቻት። ቅሉ ሲሄድ አንዱን፣ ሲመለስ ሌላውን። መጀመሪያ ውስጡ ፈሳሽ ነው፤ ይቸፈቸፋል፣ የአይሻ ድምፅም ቀጭን ነው። እየቆየ እርጎው ወፈረ፤ ድምፁ ታፈነ፣ አይሻም ወደ ታች ወረደች። ሳምራ ክሮቹን በመዳፏ አፈነቻቸው። ከዚያ ድንገት ውስጡ ተሰበረ። ፈሳሹ ለብቻው ቅቤው ለብቻው ሆኖ ጓል ጓሉ የቅሉን ግድግዳ ያንኳኳ ጀመር፤ የአይሻ እጅ ፈጠነ፣ ዜማውም ከፍ አለ፣ ሳምራ መዳፏን አንስታ ስድስቱንም ክር ለቀቀቻቸውና ጮኸች።

አይሻ ቅሉን ጥላ ልትነሳ ምንም አልቀራት። «ምንድነው? ጊንጥ ነው?»

«እማ! ይሄ ምንድነው?»

«እርጎ ነዋ!»

«ዜማው ነው የምልሽ!»

«የምን ዜማ? ዝም ብዬ ነው። ሮቤ እያለሁ እናቴም እንዲህ ትል ነበር።»

«እንደገና በይው።»

አይሻ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቅሉ እጇ ላይ ከሌለ አፏም አይሠራም። ውሃ ሞልታ ሞከረች፤ ውሃ አይወፍርም፣ ዜማውም መሃል ላይ ሲደርስ ጠፋባት። ስለዚህ እርጎ እየተገዛ ተናጠ። ሰፈሩ በሙሉ ያን ሳምንት አሬራ ጠጣ፤ ኢርሻድም ተሳፋሪዎቹን ሳይቀር ጋበዘ። ሳምራ ሲወፍርም ሲሰበርም ለይታ ያዘችው።

ፍሰሐ ሲሰማው ከወንበሩ ተነሳ። «ይኼ ነው! ይኼ ነው ሳምሪ!» እያለ ክፍሉን ዞረው። ከዚያ አስተማሪነቱ መጣበትና «ማሳረጊያ ግን የለውም» አለ። «ድንገት ቁርጥ ይላል። እንደዚህ ከተውሽው ዳኞቹ ረሳችው ነው የሚሉት። ፍጥነት ጨምረሽ ከላይ እስከ ታች ገርፈሽ ዝጊው።»

ሳምራ ማሳረጊያ ሠራችለት፤ ቆንጆ ነበር። ለእናቷ አሰማቻት።

«ቅቤው ወጥቷል እኮ» አለች አይሻ ግራ ገብቷት። «ከወጣ በኋላ ማን ይንጣል?»

ሳምራ ሁለቱንም ሰማች፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ። ማሳረጊያውን ከመታች ዳኞቹ ይረካሉ፤ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድሏም ይሰፋል። ከተወችው ዜማው ልክ ይሆናል። ፈራች። ፍሰሐም ፈርቶ «ክራሩ ያንቺ እጅ ላይ ነው፤ የወደድሽውን» አላት።

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ከሊፋ ሱቁን ለኢርሻድ ትቶ ከአይሻ ጋር መጣና በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ቶሎ ልውጣ ያለ ይመስላል። ሳምራ ትዝታውን ተጫወተች፤ ተጨበጨበላት። ከሊፋም ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ አጨበጨበ።

ሁለተኛውን በሁለት ክር ጀመረች፤ ወዲህ፣ ወዲያ። ሰዉ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀም። ክሮቹን በመዳፏ ስታፍናቸው ከመሃል የተቀመጡ ሴቶች ተያዩ። ከሊፋ የተወለደው ኦጎልቾ ነው፤ እንደዚያ አገር ልጅ ሁሉ ከመናጫው ሥር ተቀምጦ ጣት የምታክል ቅቤ እስኪሰጡት ሲጠብቅ ያደገ ነው። እጁን ፈታ። ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ሳምራ መዳፏን አንስታ ክሮቹን ስትለቃቸው፣ ጓሉ ማንኳኳት ሲጀምር፣ ከሊፋ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ነበር። ዜማው ወጣ፣ ፈጠነ፣ ሞላ። ሳምራ እዚያ ላይ እጇን አነሳች። ማሳረጊያውን አልመታችውም።

 አንዱ ዳኛ የቀረ አለ ብሎ ጠበቀ።

«በኤ!» ብሎ ጮኸ ከሊፋ ከበሩ አጠገብ፤ ወጣ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። «በኤ!» ሴቶቹ እልል አሉ፤ አዳራሹ ተነሳ። ሳምራ ክራሩን አቅፋ ቆመች፤ ፊቷ ሳቅ በሳቅ ነው። በሕይወቷ እንዲህ ተደስታ አታውቅም።

ሳይመሽ ውጤቱ እዚያው ተነበበ። ዋናው ዳኛ የሳምራ ሁለተኛ ዜማ አዲስ ነገር መሆኑን አደነቀ፤ መዝጊያው ግን ያልተጠናቀቀ ስለሆነ ነጥብ መቀነሱን በትሕትና ተናገረ። አራተኛ ወጣች።

ወደ ውጭ ወጡ። ፍሰሐ ጥፋቱ የእሱ ይመስል መሬት መሬት ያያል። ሳምራ እንባዋን መልሳ ነበር፤ አባቷን ስታይ አመለጣት። ባደረገችው አልተጸጸተችም፤ የሙዚቃ ትምህርቱን ስለምታጣ ነው ያለቀሰችው።

«ስንተኛ ነው ያሉሽ?» አላት ከሊፋ።

«አራተኛ፣ አባ።»

ከሊፋ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ስንት ነበር ያልኩሽ?»

«ከሦስቱ ከሆንሽ ነው ያልከኝ።»

«ማን? እኔ? ከአራቱ ነው ያልኩት።»

ሳምራ አፏን ከፈተች። ፍሰሐ ቀና አለ። «አቶ ከሊፋ፣ እርስዎ እኮ…» ብሎ ጀመረና ጥሩነቱ ምላሱን ነከሰ።

«አይሻ!» አለ ከሊፋ ወደ ሚስቱ ዞሮ። አይሻ ደግሞ ባሏ አንዲት ቃል አዛብቶ ሲናገር አንድም ቀን አልፋው የማታውቅ ሴት ናት። «ስንት ነው ያልኩት?»

አይሻ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አራት» አለች። «እኔ ባለሁበት ነው ያልከው። አሁን ልጅቷን አታስለቅሳት፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ መቼ እንደሆነ መምህሩን ጠይቃቸው።»