ዳንቴል የለበሰችው ሳጥን

የበላይነሽ ምላስ ከኮልፌ አስኮ ድረስ ይሰማል፤ ጫጩቶቿን ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግራቸው አታውቅም። አምና የክረምቱ ብርድ ግማሾቹን ፈጅቶባታል፤ ዘንድሮ አንድም እንዳይሞትባት ምላለች።

የልጅ ልጇ እፀገነት የኮምፒውተር ሰው ናት። አያቷን በከሰል ማሞቁን አስትታ የጫጩቶቹን ቤት በአምፖል አሞቀችው። አምፖሎቹን የሚያዝዘውን ፕሮግራሟን ቆራርጣ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሥራ ሰጥታዋለች፤ አንዱ ሙቀት ይለካል፣ አንዱ አምፖል ያበራል፣ አንዱ የመኖ ሂሳብ ይይዛል። ሁሉንም ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ላይ ሰቀለቻቸው፤ ክላውድ ይሉታል።

ነሐሴ ላይ ኔትዎርክ ድርግም አለ። መብራት አለ፣ አምፖሎቹ ግን አልበራ አሉ። በላይነሽ ስትገባ ጫጩቶቹ ተደራርበው ይንጫጫሉ።

«ነይ አንቺ! አምፖሉ እዚህ፣ አብሪው ባሕር ማዶ! እንዲህ ያለ ጉድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኔትዎርኩ ይመጣል እማማ፣ ትንሽ ይታገሡ።»

«ለብርዱ ንገሪው! እሱ ይታገሥ!»

እፀገነት እየሳቀች አምፖሎቹን በእጇ አበራች። በማግስቱ ዳቦ የምታህል ሳጥን ይዛ መጣች።

«ይቺም ኮምፒውተር ናት። ለኪውና አብሪው እዚሁ እርስዎ ጋ ይሁኑ፤ ኔትዎርክ ቢጠፋም ሥራቸውን አይተዉም። የመኖው ሂሳብ ቢዘገይ ጫጩት አይገድልም፤ እሱ እዚያው ይቆይ።»

«አሁን ገና ሰው ሆንሽ!»

በላይነሽ ሳጥኗን ቴሌቪዥኑ አጠገብ በክብር አስቀመጠቻት። እሷ ቤት ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ዳንቴል ለብሰዋል። በእጇ ከሠራችው ወፍራሙን መርጣ፣ እጥፍ አድርጋ አለበሰቻት።

ከሰዓት በኋላ አምፖሎቹ ጠፉ፤ ጫጩቶቹ ጮኹ። እፀገነት ሮጣ መጣች። መብራትም ኔትዎርክም አለ። ዳንቴሉን ገልጣ ሳጥኗን ብትነካ እጇን ለበለባት።

«እማማ! አፍነዋት እኮ ነው የጠፋችው! ሙቀት አትወድም!»

«ልብስ የማትወድ ባለጌ መሆኗን ያመጣሻት ለት አትነግሪኝም?»

ሳጥኗን ነፋስ የሚያገኛት መስኮት ሥር አዛወሯት። ስትበርድ አምፖሎቹ በሩ፤ ጫጩቶቹም ጸጥ አሉ። በላይነሽ አንድ በአንድ እየዳሰሰች አየቻቸው፤ ሁሉም አሉ።

«ባሕር ማዶ ያለውንስ ምን ያለብሱታል?»

«እሱን በማሽን ነው የሚያቀዘቅዙት።»

«እብዶች!» አለችና ዳንቴሉን በጫጩቶቹ ቤት ቀዳዳ ላይ ወተፈችው፤ ብርዱ በዚያ በኩል ነበር የሚገባው።