የአያ ቢራራ ገብስና የክበባችን ደንብ

ከደባርቅ እስከ ዳባት የፌስቡክን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከእኔ በቀር አይገኝም። ስሜ ዓለምዬ ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ ቢሆንም የብሩህ እጆች በጎ ፈቃድ ክበብን የኢንተርኔት ደንብ፣ ዘጠኙንም አንቀጽ፣ በእነዚህ ጣቶቼ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሊቀ መንበራችን ያርጋል «ጻፍሽ አይባልም፣ ገለበጥሽ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ እሱ ጎንደር ሠልጥኖ ያመጣውን ወረቀት እኔ የምሠራበት የአክስቴ ጽሕፈት ቤት ድረስ አምጥቶልኝ በኮምፒውተር መታሁት። ግን ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ ጨምሬበታለሁ። ስለዚህ የጋራ ሥራችን ነው።

ደንቡ ረጅም ነው፤ የሚያስፈልገውን ብቻ ልንገራችሁ። የገጹን የይለፍ ቃል አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሰው ሳይፈቅድ ፎቶው አይወጣም፤ ይህ አንቀጽ ሦስት ነው። አንቀጽ አራት ደግሞ ጽሑፍ ሁሉ በጸሐፊዋ ይጸድቃል፣ ከጸደቀ በኋላ አንድ ቃል አይለወጥም ይላል። በአንቀጽ ሰባት፣ አንዴ የተለጠፈ ነገር ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አይነሣም። የቀሩት ስለ ስድብና ስለ ፖለቲካ ናቸው፤ እነሱን ማንም አያነባቸውም።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የእትዬ በለጠችን ገብስ ልናጭድ ሃያ ሆነን ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ በእግር ሄድን። እትዬ በለጠች ልጆቿ የሞቱባት ባልቴት ናት። የመረጥነው ማክሰኞን ነው፤ ቅዳሜ ብንል ኖሮ የመንደሩ ሰው በሰንበት ማጭድ ያዛችሁ ብሎ በውሻ ያባርረን ነበር። ስንደርስ የእትዬ በለጠች ገብስ ገና አረንጓዴ ነው።

«ምነው ሳትጠይቁኝ መጣችሁ?» አለች። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሚደርስ።»

ያርጋል ሃያ ሰው፣ አሥራ ዘጠኝ የተከራየ ማጭድና አንድ ባነር ይዞ ቆሞ ቀረ። በዚህ መሃል ከማዶ ማሳ አንድ ሽማግሌ ጠሩን። አያ ቢራራ ይባላሉ። ገብሳቸው ወርቅ መስሎ ደርቋል፣ ከልጃቸው ከድረስ ጋር ጀምረውታል።

«ወንፈል ትገባላችሁ?» አሉን።

«እንገባለን አባቴ» አለ ያርጋል።

ወንፈል ማለት ዛሬ ለእኔ ሥራ፣ ነገ እኔ ለአንተ እሠራለሁ ማለት ነው። የገጠር ልጅ ጥርስ ሳያወጣ ያውቀዋል። እኛ ግን የከተማ ልጆች ነን፤ ሰላምታ መስሎን አለፍነው። ማታ ሲሸኙን እንኳ «የእናንተስ ሥራ መቼ ነው? ቀን ቁረጡ» ሲሉ፣ «እኛ እርሻ የለን» ብለን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ቀኑ ጥሩ ነበር። በግ አረዱልን፣ ጠላ ቀዱልን፣ ሥራው ሳያልቅ ሁለቴ በላን። የእኔ ሥራ ፎቶ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። አጫጁን «ቀና በል»፣ ነዶ ተሸካሚዋን «እንደገና ተሸከሚው» እያሉ መዋል ጉሮሮ ያደርቃል።

«አያ ቢራራ፣ ፎቶ ላንሣዎት?»

«አንሺኝ እንጂ። ቆይ ጋቢዬን ልልበስ፣ ጥላዬንም ያምጡልኝ።»

«እንዲሁ ይሻላል፣ የሥራ ሰው ይመስላሉ።»

«ክርኔ ተቀዷል እኮ።»

«አይታይም» አልኳቸው። መታየቱን ግን ይታያል።

«ታጥቦ መቼ ይመጣልኛል?»

«ወዲያው» አልኳቸው። አንቀጽ ሦስት በዚህ ተፈጸመ።

ስንመለስ አፋፉ ላይ ኔትወርክ ሲገኝ ልለጥፍ ቆምኩ። ጽሑፉን ጸሐፊያችን ማዕረግ ከሳምንት በፊት አጽድቃዋለች፤ የባልቴቷን ስም ያኔ ስላላወቀችው ለስሙ ብቻ ባዶ ቦታ ትታለች። «ሃያ በጎ ፈቃደኞቻችን አቅመ ደካማና ረዳት የሌላቸውን የ... ገብስ አጭደው ሰበሰቡ» ይላል።

«ማዕረግ፣ ሰውየው አራት በሬ አላቸው እኮ» አልኳት።

«ስለ በሬ የተጻፈ ነገር የለም።»

«ረዳት የሌላቸው ይላል። ልጃቸው አብሮን ሲያጭድ ዋለ።»

«አንቀጽ አራት። አንቺው አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?»

ደንቡን የጻፍኩ እኔ ደንቡን አላፈርስም። ባዶው ላይ አቶ ቢራራ ብዬ ሞላሁና ከተቀደደው ክርን ጋር ለጠፍኩት። እስከ ማግስቱ ሦስት መቶ ላይክ ሆነ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ»፣ «ምስኪን አባት» የሚል ጎረፈ። አንድ ሰው እንዲያውም ያረጀ ጫማ ልላክላቸው ብሎ ቁጥራቸውን ጠየቀ።

በስምንተኛው ቀን የአያ ቢራራ ልጅ ድረስ የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ዓለምዬ የምትባለው አንቺ ነሽ?»

«የገጹ ዓለምዬ ከሆነች እኔ ነኝ።»

«በጥር ልዳር ነበር» አለ።

«እንኳን ደስ አለህ።»

«ነበር ነው ያልኩሽ።»

ነገሩን ቆሞ ነገረኝ። የታጨችለት ልጅ የዳባት ናት። የአባቷ የአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ የወንድም ልጅ ገጹን አይቶ ለአጎቱ አሳያቸው። እሳቸውም ለአያ ቢራራ እንዲህ ብለው ላኩ፦ «ሽማግሌ ስትልክ ባለ አራት በሬ ነኝ ብለህ ነበር። በተማሪ ምጽዋት አዝመራው ከሚሰበሰብ ቤት ልጄን አልሰድም።»

«ታዲያ አጥፊው» አለኝ ድረስ።

ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር። ግን አንቀጽ ሰባት አለ። «ኮሚቴው የሚሰበሰበው ታኅሣሥ አምስት ነው» አልኩት።

«እስከዚያ ለሌላ ይድሯታል።»

ይህን ሲል ድምፁ ዝቅ አለ፤ እኔንም ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡ ትንሽ ደስ ሳይለኝ ቀረ።

በማግስቱ ያርጋል፣ ማዕረግና እኔ ይቅርታ ልንጠይቅ አያ ቢራራ ቤት ሄድን። ፎቶውንም አሳጥቤ ያዝኩላቸው፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ዓይናቸው ክርናቸው ላይ ቆየ።

«ዳባት ያየው ይኸንን ነው?»

«አዎ» አለ ያርጋል። «ኮሚቴውን ዛሬውኑ በአስቸኳይ ሰብስበን እናነሣዋለን።»

«አታንሡት። ብታነሡት አፍሮ አስጠፋው ነው የሚባል።» ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «እኔ ቀን ቁረጡ አላልኳችሁም? እናንተ ሠርታችሁልኛል፣ እኔ ደግሞ እመልሳለሁ። የወንፈል ዕዳዬን ሳልመልስ ነው ለማኝ ያደረጋችሁኝ። ምን ሥራ አላችሁ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ሥራ ከተባለ የችግኝ ጣቢያችን የድንጋይ ካብ ፈርሶ ፍየል ችግኙን እየጨረሰው ነው። ካቡን ልንሠራ በገጹ ላይ ሦስት ጊዜ ቃል ገብተናል፤ ሦስቱም ጊዜ ብዙ ላይክ አግኝቷል። ያርጋል እያፈረ ተናገረ።

«ስንት ሰው ሆናችሁ ነበር የገባችሁልኝ?» አሉ አያ ቢራራ።

«ሃያ» አልኩ ቀድሜ።

አየት አድርገውኝ ቀን ቆረጡ።

በተቀጠረው ቀን የመንደራቸውን ጎልማሶች አስከትለው ገና ሳይረፍድ ደረሱ። እሳቸው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ጥላ ዘርግተው ከፊት ነበሩ። ቀጥሎ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ለማዕረግ አስያዙና ድንጋይ አነሡ። እኛ ለሁለት ወር ያቀድነውን ካብ ከቀትር በፊት ጨረሱት። አባላቱ ጭቃ አቀበልን፤ እኔ እንኳ ፎቶ ነበረብኝ።

ማዕረግ በዚህ ቀን ጽሑፉን ያጸደቀችው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ባዶ ቦታም አልነበረውም። «ለአቶ ቢራራ ወንፈል ገብተንላቸው ነበር። ዛሬ ከወገኖቻቸው ጋር መጥተው፣ አቅመ ደካማና ረዳት የሌለውን ክበባችንን አግዘው ካቡን ገነቡልን።» ያርጋል «ስለ ክበቡ እንዲህ ይጻፋል?» ብሎ ቅር አለው። እኔ ግን አንቀጽ አራት ብዬው ለጠፍኩ። ከጋቢውና ከጥላው ጋር ያለውን ፎቶ ነው ያወጣሁት።

የወንድማቸው ልጅ ይህንንም ሲያሳያቸው አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ስልኩን አላመኑም፤ በገበያ ቀን ራሳቸው ከዳባት በአውቶቡስ መጡ። ካቡን ዙሪያውን ዞሩት። አንዱን ድንጋይ በጫማቸው ገፉት፣ ንቅንቅ አላለም።

«ይህን የሚያስክብ ሰው ረዳት የለውም ያለው ማነው?» አሉ።

ሁላችንም ማዕረግን አየን፣ ማዕረግ እኔን አየች፣ እኔ ካቡን አየሁ። ሠርጉ በጥር በነበረበት ጸና።

ከሠርጉ በፊት አያ ቢራራ ጽሕፈት ቤት ብቅ አሉ፤ የጋቢውን ፎቶ አሳድጌ አጥቤላቸው ስለነበር ሊወስዱ ነው። እኔም አጋጣሚውን አላሳለፍኩትም።

«አያ ቢራራ፣ እንግዲህ ሠርጉን ያጸናው የእኔ ገጽ ነው። ሙሽሮቹን የማነሣበት ቦታ ከፊት ይያዝልኝ።»

«እሺ» አሉ።

«ደግሞ ላሳፍርዎት ባልፈልግም፣ ፎቶው ላይ ቆጠርኩ። እርስዎን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነው ያመጡልን። እኛ ሃያ ነበርን። ገና የአንድ ሰው ዕዳ አለብዎት።»

ፎቶውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወደ በሩ ሄዱና ዞር አሉ።

«አሥራ ዘጠኝ ማጭድ ነው የቆጠርኩት» አሉ። «አንቺን ሁለቴ ስትበዪ እንጂ ስታጭጂ አላየሁሽም።»