ለመውጣት የተከፈተ በር

ታክሲው መድረስ አለመድረሱን ልታይ ከቤቷ ወጥታ በደረጃው መስኮት አንገቷን ብቅ ስታደርግ ነው ንፋሱ በሩን የዘጋባት። "ጓ!" ሲል ሕንጻው በሙሉ ሰማው። ዞር ስትል በሩ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። ከውጭ በኩል የሚጎተት እጀታ እንጂ የሚዞር ነገር የለውም፤ ቁልፉም ከውስጥ እንደተሰካ ቀርቷል። ስልኳ፣ የእጅ ቦርሳዋ፣ ለመንገድ ያወጣችው ጫማ ሁሉም ከበሩ ጀርባ ናቸው። ትልቁ ሻንጣም እዚያው በሩ ሥር ቆሟል። እሷ በነጠላ ጫማ፣ ባዶ እጇን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀረች።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ" አለች ለራሷ። በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም። በጥፍሯ ቧጠጠችው። ከዚያ ደግሞ እንደ እብድ ታይቼ ይሆን ብላ ግራ ቀኝ ተገላመጠች።

ሥራዋ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለችም፤ ሐኪሙ የለካውን አፍ በጄሶና በሰም ቀርጻ ለወለቀው ጥርስ ምትክ የምታበጅ ባለሙያ ናት። ባልደረቦቿ "ሰው ሲስቅላት እሷ የምታየው ድዱን ነው" እያሉ ይቀልዱባታል። በሌላ ከተማ አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ የጥርስ መሥሪያ ክፍሉን እንድትመራለት ጠይቋት፣ እሺታዋን ነግራቸው፣ የመጨረሻውን መልስ ስትጠብቅ ሰነበተች። መልሱ ሲዘገይባት "የተሻለ ሰው አግኝተው ነው" ብላ ተስፋ ቆረጠች። ትናንት ግን አላስችል አላትና ራሷ ደወለች።

"ውይ!" አለቻት የክሊኒኩ ኃላፊ። "እኛ እኮ ደውለን ነበር። ስልክሽን ባለቤትሽ አንስተው 'ሐሳቧን ቀይራለች፣ አትመጣም' አሉን።"

ሴትዮዋ ቀጠለች፦ "ቦታው አልተያዘም። ከነገ ወዲያ ጠዋት ሥራ የምትገቢ ከሆነ ያንቺ ነው።"

ባሏ የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ፣ እግሩን አሰልጣኙ ከሚረግጠው ከሁለተኛው ፍሬን ላይ አድርጎ ይውላል። ክፉ ሰው አይደለም። እጁን አንስቶባት አያውቅም፣ ድምፁንም እንኳ። ብቻ ነገሩ ሁሉ ካለቀ ከደቀቀ በኋላ ነው እሷ የምትሰማው፤ ለምን ብላ ስትጠይቀው "ላንቺ ብዬ ነው" ይላታል፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። ሌሊቱን እሱ ሲያንኮራፋ እሷ ጣሪያ ስትቆጥር አደረች። ጠዋት ሻይ ጠጥቶ፣ "ደህና ዋይ" ብሎ ወጣ። እሷም ምንም ሳትተነፍስ ሻንጣዋን አወረደች። ልትሄድ የወሰነችው እንደ እሱ፣ ሳታማክር ነው።

አሁን የምድር ቤቷ ጎረቤት በር ላይ ቆማ ታንኳኳለች።

"እትዬ፣ ስልክዎን ያውሱኝ፤ በሩ ተዘጋብኝ።"

እትዬ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። "ውይ የኔ ልጅ! ታዲያ ባልሽ ቁልፍ የለውም?"

"አለው። ሥራ ላይ ነው፣ አላስቸግረውም።"

"ምን ችግር አለው፣ ሚስቱ ውጭ ቆማ!"

"ግዴለም እትዬ፣ ግዴለም።"

ከመብራት ቆጣሪዎቹ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ "ቁልፍ እንከፍታለን" የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ቆይቷል። ቁጥሩን እያነበበች ደወለች። ወፍራም የወንድ ድምፅ "መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ" አላት፤ ከኋላው ግን ሚስማር ሲመታ ይሰማል።

ታክሲው መጣ። ጥሩምባውን ነፋ። በነጠላ ጫማዋ እየተንሸራተተች ወርዳ "ትንሽ ጠብቀኝ" ብላ ለመነችው፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ነፋ፤ በመጨረሻ እጁን አወናጭፎ ሄደ። እሷ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ የተቀመጠችበት እሾህ ሆነባትና ተነሳች። የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶብስ ካመለጣት ሌላው የሚነሳው ነገ ነው፤ ነገ ደግሞ ምንም አያደርግላትም። ሞተር በጮኸ ቁጥር ወደ መስኮቱ ትሮጣለች።

ቁልፍ ሠሪው ሲመጣ መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሹ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ የመሣሪያ ሳጥኑን በየደረጃው እያሳረፈ ወጣ።

"ሦስተኛ ፎቅ መሆኑን ብትነግሪኝ ኖሮ እህቴ፣ ወንድሜን እልከው ነበር" አለ ላቡን እየጠረገ። "መታወቂያ አለሽ?"

"ውስጥ ነው ያለው። እባክዎ ቶሎ ይክፈቱልኝ።"

"ሁሉም ውስጥ ነው የሚለኝ። በይ እሺ፣ ልክ እንደከፈትኩ መታወቂያሽን ታሳዪኛለሽ፤ ሕጌ ነው።"

"አሳያለሁ!"

ጎንበስ ብሎ በሩን መረመረ። የመዝጊያው ምላስ ብቻ ነው የገባው፣ ቁልፉ አልዞረም፤ መሰርሰር አያስፈልግም አላት። ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ትልቅ የራጅ ፊልም አወጣ። በብርሃኑ በኩል የሰው ጎድን ወለል ብሎ ታየ።

"የማን ደረት ነው?" አለች፣ ሳታስበው።

"የአማቴ። እሳቸው ድነዋል፤ ፊልሙ ለእኔ ተረፈ።" ፊልሙን በበሩና በመቃኑ መካከል ሰደደና ወደ ታች፣ ወደ ላይ ይስበው ጀመር። "እንዲህ አትቁነጥነጪብኝ፤ እጄ ይሳሳታል።"

እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተቻቸው። እግሯ ግን አልቆም አላት። በመጨረሻ ቁልፍ ሠሪው በሩን በጉልበቱ ገፋ አደረገ፤ "ቅጭ" አለ፤ በሩ ተከፈተ።

ሰውዬው ለምስጋና ፈገግታውን አዘጋጅቶ ቀና ሲል እሷ በጎኑ ሾልካ ገብታለች። ጫማዋን አጠለቀች። መታወቂያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው፤ ሒሳቡንም እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ የሻንጣውን እጀታ ይዛ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችና ወደ ደረጃው ልትወጣ ተነሳች።

ቁልፍ ሠሪው በሩ ላይ ቆመ። በሩ ሞላ።

"እኔ እኮ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይሄን ያህል ዘመን በር ስከፍት፣ በሩ የተዘጋበት ሰው ሲከፈትለት ይገባል። አንቺ ልትወጪ ነው።"

"አዎ፣ መንገደኛ ነኝ። አውቶብስ ሊያመልጠኝ ነው።"

መታወቂያውን አየው። አራቀና ደግሞ አየው። "ይሄ ሌላ ሰፈር ነው የሚለው።"

"ሳላገባ የወጣ ነው! አልቀየርኩትም።"

"እሺ። ግን አንድ ጊዜ እንዳንቺ ለቸኮለ ሰው ከፍቼ፣ ለካ የወንድሙን ቤት ኖሯል ያስከፈተኝ። ፍሪጁ ሳይቀር ሄደ። እኔ ነኝ ፖሊስ ጣቢያ የተመላለስኩት።"

"እርስዎ በር ከፋች ነዎት ወይስ ዘበኛ?"

"ከፋች ነኝ። ለዚያ ነው የምጠየቀው።"

ጩኸቷን የሰሙት እትዬ ቁና ቁና እየተነፈሱ መጡ። ተስፋዋ ለመለመ። "እትዬ፣ ይንገሩት፤ ቤቱ የማን ነው?"

"የእሷና የባሏ ነው፤ ምን ሆነህ ነው አንተ?" አሉት። ቀጥለው ሻንጣውን አዩ። ጫማዋን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ። "የት ልትሄጂ ነው የኔ ልጅ? ባልሽ ያውቃል?"

ሻንጣውን ወደ ራሷ ሳበችው።

"ሚስትነቷን አልተጠራጠርኩም እናቴ" አለ ቁልፍ ሠሪው። "ነገ ባልየው መጥቶ 'በሬን ከፍተህ ንብረቴን አስወጣህ' ቢለኝስ?"

"እሱማ እየመጣ ነው" አሉ እትዬ። "ቅድም ደወልኩለት። ውጭ ቆመሽ ሳይሽ አንጀቴ አልችል ብሎ።"

ሻንጣውን ለቀቀችው፣ መልሳ ያዘችው። ሰውዬውን ገፍታ ልታልፍ አሰበች፤ ግድግዳ መግፋት ነው። ወደ ሳሎን ገባች፣ ወደ መኝታ ቤት ሄደች፣ ምን ፈልጋ እንደሄደች ጠፋባትና ተመለሰች። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ተረጋጊ እንጂ" ይሏታል እትዬ። ያ ንግግር ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት።

ከታች መኪና ተንገጫግጮ ቆመ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ተነሳ፤ ደግሞ ጠፋ። በመስኮት አየች። ጣሪያው ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ የተተከለባት የባሏ መኪና ናት። መሪውን የያዙት ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ትምህርቱን አቋርጦ ተማሪው እያሽከረከሩ ነው የመጣው። ባሏ መኪናዋ በወጉ ሳትቆም ዘሎ ወርዶ ደረጃውን ተያያዘው።

"ምነው፣ ደህና ነሽ?" እያለ ደረሰ። ቁልፉን በእጁ ይዟል። ቀጥሎ ሻንጣው ላይ ዓይኑ አረፈ፤ እዚያው ቀረ።

"ወንድሜ" አለው ቁልፍ ሠሪው። "ሚስትህ ናት?"

"ናት።"

"ሻንጣውስ?"

ባልየው ሚስቱን አያት፤ ሻንጣውን አየ። "ሻንጣው የኔ ነው" አለ።

እሷ ተንበረከከች። ዚፑን "ፈርር" አድርጋ ከፍታ ያለውን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ነጭ ጋወን፣ ጥቂት ልብስ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የሰም ቢላዎች፣ ብሩሾች፣ ለናሙና የምትይዘው አንድ ሙሉ የጄሶ መንጋጋ። መንጋጋው ተንከባሎ ቁልፍ ሠሪው እግር ሥር ሲቆም ሰውዬው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

"እንካ ሻንጣህን" አለች ባሏን። ከመኝታ ቤት አንሶላ ጎትታ አመጣችና ዕቃዋን መጠቅለል ጀመረች።

"እንደሱ ማለቴ አይደለም" አለ።

"ታዲያ ምን ማለትህ ነው? 'ሐሳቧን ቀይራለች' ስትላቸውስ ምን ማለትህ ነበር?"

ማወቋ አሁን ገና ገባው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ ቁልፉን በጣቶቹ እያሽከረከረ። "ፈራሁ" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሁሉ። "ከሄድሽ የምትመለሺ አልመሰለኝም።"

አንሶላውን የምትቋጥርበት እጇ ቆመ። "ይሄን ለኔ ብትለኝ ኖሮ፣ ቁጭ ብለን እናወራ ነበር። ምናልባትም እቀር ነበር፣ ማን ያውቃል። አንተ ግን ለማላውቃት ሴት፣ በኔ ስም፣ ውሸት ነገርካት።"

"ላንቺ ብ…" ብሎ ጀመረና ዋጠው።

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ቁልፍ ሠሪው የሚገባበት ጉድጓድ ያጣ ይመስላል፤ የጄሶውን መንጋጋ አንስቶ በሁለት እጁ ታቅፏል። "ወንድሜ፣ ነገሩን ያባባስኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ብቻ አንድ ቃል ስጠኝና ልሂድ፤ ዕቃው የሷ ነው?"

"የሷ ነው" አለ ባልየው። "ሻንጣውም ለሷ ነው የገዛሁት። ውሰጂው።"

አልወሰደችውም። ከግትርነት ይሁን ከችኮላ እሷም አልለየችውም። ጥቅልሏን አቅፋ ባሏ ከተቀመጠበት ደረጃ ስትደርስ ጠጋ ብሎ አሳለፋት። "ላድርስሽ" አላት፤ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

ታች ስትወርድ ታክሲ የለም። መንገዱ ዳር ቆማ እጇን ብታወዛውዝ ሁሉም ጭኖ ያልፋል። ለማጁ ሽማግሌ ከመኪናዋ ውስጥ ሆነው በጭንቀት ያዩዋታል፤ "እኔ አድርሱኝ እንዳትለኝ" የሚሉ ይመስላሉ።

"ነይ ተቀመጪ" አላት ቁልፍ ሠሪው ከኋላዋ፣ ሞተር ሳይክሉን እያስነሳ። "ያዘገየሁሽ እኔ፣ የማደርስሽም እኔ።"

ተፈናጠጠች። ጥቅልሉ በጀርባውና በደረቷ መካከል ታጨቀ። ሰውዬው ደረጃ ሲወጣ እንደዚያ ያለከለከ፣ ሞተር ላይ ግን ሌላ ሰው ነው፤ በመኪናዎች መካከል ሲሽሎከሎክ ዓይኗን ጨፈነች። መናኸሪያ ሲደርሱ አውቶብሱ ከበሩ እየወጣ ነው። ቁልፍ ሠሪው ፊት ለፊቱ ገትሮ ቆመበት። ሾፌሩ ተሳደበ፣ ረዳቱ በሩን ከፈተ፣ እሷ ገባች። የጄሶውን መንጋጋና መታወቂያዋን በመስኮት አቀበላት፤ ኪሱ ውስጥ ከትቷቸው ኖሯል።

ተቀመጠች፤ ግን አላረፈችም። ጋወኔን ይዣለሁ? ቢላዎቹስ? ጥቅልሉን ፈታች፣ ቋጠረች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ መንጋጋውን አይተው ወደ መተላለፊያው ሸሸት አሉ። ከተማው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ስልኳ ጮኸ። አየችው፤ ተወችው። ደግሞ ጮኸ።

"ደረስሽበት?" አላት ባሏ።

"አዎ፣ ተሳፍሬያለሁ።"

"የዚያችን ሴትዮ ቁጥር ላኪልኝ። ደውዬ ዋሽቻችሁ ነበር ልበላት።"

"እኔ ነግሬያታለሁ።"

"አውቃለሁ። እኔም ልንገራት።"

መልስ አልሰጠችውም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ቁጥሩን ላከችለት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ገባች። አዲሱ ክፍል ገና የቀለም ሽታ አልለቀቀውም፤ መሣሪያው ግማሹ ከሳጥን አልወጣም። እኩለ ቀን ላይ ኃላፊዋ ብቅ ብላ "ባለቤትሽ ደውለው ነበር" አለቻት። "አፈሩ፣ ሰውዬው። ይቅርታ ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? 'ይቅርታው የኔ አይደለም' አልኳቸው።"

ጥርስ ሠሪዋ የሰም ቢላዋን እንደያዘች "እሺ" ብቻ አለች። ደስ ይበላት ይክፋት አልገባትም፤ ጎንበስ ብላ የጀመረችውን ክራንቻ መቅረጽ ቀጠለች፤ አበላሸችውና እንደገና አቀለጠችው። ከሥራ ወጥታም የተከራየችው ክፍል መግባት አላሰኛትም። በማታውቀው ከተማ፣ በማታውቀው መንገድ፣ ሱቆቹ በራቸውን እስኪያወርዱ ድረስ ዞረች። በመጨረሻ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ደወለችለት። ምን እንደምትለው አላሰበችበትም ነበር፤ እሱ ግን ሳይጠራ አነሳው።