የተጣመመችው ትንሽ ጣት

የሥራ ባልደረቦቹ «ሽቦው» ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሽቦ አጥር በተጠላለፉ መስመሮች ላይ ስለሚያፈጥ። ለአኒሜሽን ፊልም ሰውም ወንበርም የሚቀርጸው ከዚያ መረብ ነው። ሌሎቹ ከቤታቸው መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ግን በቅጽል ስሙም የሚጠራው ጠፍቷል። እሱ ብቻ በቀረበት ሰፊ የቢሮ ክፍል ውስጥ ከኮምፒውተሩ ማራገቢያ በቀር ድምፅ የለም።

ያን ሳምንት በፊልሙ ውስጥ ያለች የአንዲት አሮጊት እጅ እንዲቀርጽ ደረሰው። ፕሮግራሙ ቆዳው በሚታጠፍበትና በሚሸበሸብበት ቦታ መረቡን እየከፋፈለ ያደቅቀዋል፤ ሜዳ የሆነውን እንዳለ ይተወዋል። ደቃቁና ሰፋፊው የመረብ ዓይን በተገናኙበት፣ ትንሿ ጣት አንጓ ላይ ግን ስንጥቅ ወጣ። አጠገቡ ያሉትን ሰፋፊ ዓይኖችም ራሱ ከፋፍሎ ስንጥቁን ደፈነው። ያም ሆኖ እጁ የጎማ ጓንት መሰለ። የእውነት እጅ ማየት ስለፈለገ ስልኩ ላይ ያሉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እጅሽን ላየው» ሊላት የሚደፍራት ያሳደገችው አክስቱ ብቻ ነበረች። ቤቷ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል።

አክስቱ በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«መንገድ ጠፍቶህ ነው?»

«እጅሽን ፎቶ ላነሳ ነው፤ ለሥራ።»

«ወይ ጉድ! ፊቴንማ ማን ይፈልገዋል» ብላ ሳቀች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣም እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተጣማለች።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?»

«አምና መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ። ተሰብሮ ኖሮ እንዲሁ ገጠመ።»

«ሐኪም ቤት ማን ወሰደሽ?»

«ማን ይወስደኛል? ሻሽ ቀድጄ አሰርኩት።»

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ደውዬልህ ነበር። ‹ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ› አልከኝ።»

ምንም አላስታወሰም። ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ፊቱን ከለለ።

በማግስቱ የአሮጊቷን እጅ ልክ አክስቱ ጋ እንዳየው አድርጎ ሠራው፤ የጣቷን ጥመት ሳይቀር። የፊልሙ ዳይሬክተር በስክሪን አየውና፣ «ቆዳው ግሩም ነው! ጣቷን ግን ምን አጣመማት? አቃናልኝ» አለው።

ሽቦው መስመሮቹን አንድ በአንድ ጎትቶ አቃናት። ሥራውን እንደላከ አክስቱ ጋ ደወለ።

«ነገ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ?»

«አሁንማ ገጥሟል እኮ፤ ምን ሊያደርጉልኝ?»

ከወዲያ ማዶ ቴሌቪዥኗ ለብቻው ሲያወራ ይሰማል። ሁለቱም ስልኩን ሳይዘጉ የቴሌቪዥኑን ወሬ አብረው አዳመጡ።